«ዲ ላይ አስቀምጠነዋል»፦ የአንድ ቤት ኮምፒውተርና የሦስት ዓመት ባክአፕ

ይህ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸው ግን እዚህ የለም። ባክአፕ፣ ማለትም ዋናው ፋይል ቢጠፋ የሚተካው ተጨማሪ ቅጂ፣ የማያደርግ ሰው ብዙ አይቻለሁ፤ ስለ እሱ ለመጻፍ አልነሳም ነበር። እነዚህ ግን ያደርጉ ነበር። ያውም ሳይሰለቹ፣ በየወሩ መጨረሻ፣ ለሦስት ዓመት። ኮምፒውተሩ የታመመ ዕለት ከኮምፒውተሩ ውጭ የነበራቸው ቅጂ ሲመዘን 80 ኪሎባይት እንኳ አልሞላም። አንዲት የስልክ ፎቶ ከዚያ ትበልጣለች።

ቤቱና ኮምፒውተሩ

ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች አሉ። አባት ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እኔንም አስተምረውኛል፤ እስከ ዛሬ «ጋሼ» ነው የምላቸው። እናት የሒሳብ ባለሙያ ናቸው፤ የጥቂት አነስተኛ ድርጅቶችን ሒሳብ ቤታቸው ሆነው ይሠራሉ። ትልቋ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፏን እየጨረሰች ነበር። ትንሹ 14 ዓመቱ ነው፤ የእሱ ድርሻ ጌም ነው።

ኮምፒውተሩ ስምንት ዓመት ያገለገለ ዴስክቶፕ ነው። ውስጡ አንድ ባለ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ አለ። ዊንዶውስ 931 ጊጋባይት ብሎ ያሳየዋል። የተሰረቀ ነገር የለም፤ አምራቹ በ1,000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1,024 ስለሚቆጥር ነው። ይህ ዲስክ «ሲ» እና «ዲ» ተብሎ ለሁለት ተከፍሏል።

በጠቅላላው 412 ጊጋባይት ያህል ተይዟል። 186ቱ ፎቶ ነው። ጋሼ ጡረታ ከወጡ ወዲህ የቤተሰቡን የድሮ የወረቀት ፎቶዎች አንድ በአንድ ስካን ሲያደርጉ ነው የከረሙት። 97 ጊጋባይት ቪዲዮ አለ። ሰነዱ ሁሉ ተደምሮ 11 ጊጋባይት ነው። የቀረው ዊንዶውስ፣ ፕሮግራምና ጌም።

ባክአፕ የእናት ሥራ ነበር። ወር ሲያልቅ ሁለት ነገር ያደርጋሉ። መጀመሪያ ከሲ ወደ ዲ ኮፒ ያደርጋሉ። ቀጥለው ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ምልክቶች ሁሉ መርጠው ፍላሽ ላይ ፔስት ያደርጋሉ። ፍላሹን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበታል።

ችግሩ

አንድ ሳምንት ያህል ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ነበር። አንድ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃዎች ይፈጃል። አልፎ አልፎ ከውስጡ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። የልጅቷ ጓደኛ ሊረዳ ብሎ ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ አስጀመረላቸው። ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ጠዋት 11 በመቶ ላይ ነበር። ያኔ ለእኔ ተደወለ።

ስደርስ መጀመሪያ ያደረግሁት ቼክ ዲስኩን ማስቆም ነው። ቼክ ዲስክ ጤነኛ ዲስክ ላይ የተዛባ መዝገብ ለማስተካከል ጥሩ መሣሪያ ነው። ሊሞት ያጣጣረ ዲስክን ግን ከዳር እስከ ዳር እንዲነበብ ያስገድደዋል፤ ያገኘውንም በዚያው በታመመው ዲስክ ላይ እየቀየረ ይጽፋል። መጀመሪያ ቅጂ፣ ከዚያ ጥገና።

ቀጥዬ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚመዘግበውን መረጃ ከፈትኩ። ስማርት ይባላል። ዛሬ ያሉ ሃርድ ዲስኮች ሁሉ ማለት ይቻላል ይህን ይይዛሉ፤ እንደ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ያለ ነፃ ፕሮግራም ያሳያል። እኔ ሁልጊዜ የማየው ሁለት መስመር ነው። ቁጥር 5 ተበላሽተው በመጠባበቂያ ቦታ የተተኩ ሴክተሮችን፣ ማለትም መረጃ የሚጻፍባቸውን የዲስኩን ትንንሽ ክፍሎች፣ ይቆጥራል። ቁጥር 197 ደግሞ አልነበብ ብለው ውሳኔ የሚጠብቁትን። ሁለቱም ዜሮ ሲሆኑ ነው ደስ የሚለው። እዚህ 197ኛው 312 ነበር። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ 340 ሆኗል።

«ዲስኩ እየሞተ ነው» አልኳቸው።

ጋሼ ምንም አልደነገጡም። «አይዞህ፣ ዲ ላይ አስቀምጠነዋል» አሉኝ።

ለምን ዲ ላይ?

በዚህ መሳቅ ይቀላል፤ ግን ነገሩ ወዲህ ነው። ከዓመታት በፊት ዊንዶውስ የጫነላቸው ባለሙያ «ዲ ላይ አስቀምጡ፣ ሲ ፎርማት ቢደረግም ዲ አይነካም» ብሏቸው ነበር። ያለው ልክ ነው። ዊንዶውስ ተበላሽቶ እንደገና ሲጫን ዲ ይተርፋል። ቤተሰቡም ይህን በዓይኑ አይቷል፤ ሁለት ጊዜ ተጭኖ ሁለቴም ፋይሎቹ ተርፈዋል። ስለዚህ ዲ የማይደፈር ቦታ ሆኖ አእምሯቸው ውስጥ ተቀመጠ።

ሲ እና ዲ ግን አንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ክፍሎች ናቸው። ጣሪያው ሲወድቅ የትኛው ክፍል ውስጥ ነበርክ ተብሎ አይጠየቅም። ያ ባለሙያ አልዋሸም። የመለሰው ግን «ዊንዶውስ ቢበላሽስ?» ለሚለው ጥያቄ ነው። «ዲስኩ ቢበላሽስ?» ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም።

እናት ይህን ሲሰሙ ተነስተው መሳቢያውን ከፈቱ። «ፍላሹስ?» አሉ።

ፍላሹን በራሴ ላፕቶፕ ከፈትኩት። 41 ምልክቶች ተደርድረዋል። የመመረቂያ ጽሑፉ አለ። የደንበኞቹ ፎልደሮች አሉ። «የቤተሰብ ፎቶ» የሚልም አለ። አንዱን ስነካው አልከፍት አለ። መጠናቸውን አየሁ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ወይም ሁለት ኪሎባይት። ሁሉም ሾርትከት ናቸው።

ሾርትከት «ዕቃው እዚያ ቦታ ነው» የሚል ወረቀት እንጂ ዕቃው ራሱ አይደለም። እናት ሦስት ዓመት ሙሉ ወረቀቱን ነበር የሚገለብጡት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ከጉዳዩ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው። እናት ፍላሹን ይፈትሹት ነበር! ኮፒ ካደረጉ በኋላ ፍላሹ ላይ ገብተው አንድ ሁለቱን ይከፍታሉ። ይከፈታል። ለምን አይከፈት? ፍላሹ የተሰካው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ወረቀቱ የሚጠቁመው ዕቃም ቦታው ላይ አለ። ጥንቃቄ አላነሳቸውም። ፈተናው የተደረገው ግን የማይወድቅበት ቦታ ላይ ነበር።

የተወሰዱት እርምጃዎች፣ ከእኔ ስህተት ጋር

የመጀመሪያው ሌሊት በእኔ ጥፋት ባከነ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ የቆየ ኤክስተርናል፣ ማለትም ከውጭ የሚሰካ፣ ዲስክ ነበረኝ። ሰካሁት፣ የዲን ይዘት በሙሉ መረጥኩ፣ ጎትቼ ጣልኩበት፣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመለስ 9 ጊጋባይት ብቻ ነው የተገለበጠው። መስኮቱ ላይ ጥያቄ ቆሟል፦ ይህ ፋይል ለመድረሻው ዲስክ በጣም ትልቅ ነው፣ ልዝለለው?

ያ ኤክስተርናል ከቴሌቪዥን ጋር እንዲሠራልኝ ብዬ በፋት 32 ፎርማት ያደረግሁት ነበር። ፋት 32 ፋይል ዲስክ ላይ የሚደረደርበት የቆየ ዘዴ ነው፤ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። አንድ የሠርግ ቪዲዮ 6.3 ጊጋባይት ነበር። በእሱ ምክንያት ሁሉም ነገር ቆሞ መልስ ሲጠብቅ አደረ፤ የታመመው ዲስክም ያለ ሥራ ሲሽከረከር። ይህን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ልብ አላልኩም።

ሌላም ነበር። ኤክስተርናሉን የሰካሁት ለእጅ የቀረበው የፊት ለፊት ፖርት ላይ ነው። ዩኤስቢ 2 ነው። ወረቀት ላይ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ይላል፤ በተግባር በሴኮንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ቢያሳልፍ ነው። ከኋላ ያለው ሰማያዊው ፖርት ዩኤስቢ 3 ነበር፤ እዚያ ላይ አንድ ጤነኛ ኤክስተርናል 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሄዳል። 186 ጊጋባይት ፎቶ በአንደኛው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፣ በሌላኛው ግማሽ ሰዓት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልዩነቱ ትዕግሥት ብቻ ነው። ዲስኩ በሞት አፋፍ ላይ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው።

ኮምፒውተሩን አጠፋነው። ሁለት አዲስ ባለ 2 ቴራባይት ኤክስተርናል ዲስኮች ተገዙ። ሁለቱንም ትልልቅ ፋይል በሚቀበለው የዊንዶውስ ዘዴ፣ በኤንቲኤፍኤስ፣ ፎርማት አደረግኋቸው፤ ቤቱ ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ብቻ ስለሆነ። ማክም ቢኖር ኤክስ ፋትን እመርጥ ነበር፤ ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል እንጂ በራሱ አይጽፍበትም።

ማሽኑን መልሰን ከማብራታችን በፊት አንድ ወረቀት ይዤ ቁጭ አልን። «አንድ ፎልደር ብቻ ይተርፋል ብትባሉ የትኛው ይሁን?» አልኳቸው። ጋሼ ፎቶ አሉ። እናት የደንበኞችን ሒሳብ አሉ። ልጅቷ አልተናገረችም፤ ዓይኗ ፍላሹ ላይ ነበር። ትንሹ ጌሙን ሊጠቅስ ሲል እህቱ አየችው፤ ተወው። እኔ የወሰንኩት በመጠን ነው። 11 ጊጋባይቱ ሰነድ በደቂቃዎች ይወጣል፤ ስለዚህ እሱ ይቅደም። ሰነድን ሳያወጡ 186 ጊጋባይት ፎቶ ላይ መጀመር አልታየኝም።

ሰነዱን በሮቦኮፒ አወጣሁት። ዊንዶውስ ውስጥ ያለ የትእዛዝ መሣሪያ ነው። አንድ ነገር ግን ማስተካከል ያስፈልጋል። ሮቦኮፒ ያልተነበበ ፋይል ሲገጥመው ካልነገሩት በቀር 1,000,000 ጊዜ ይሞክራል፣ በየሙከራው መሀል 30 ሴኮንድ እየጠበቀ። ብታሰሉት ለአንድ ፋይል 347 ቀን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክረህ እለፍ አልኩት። በ20 ደቂቃ ውስጥ ከአራት ፋይሎች በስተቀር ሁሉም ወጣ። የመመረቂያ ጽሑፉ በላፕቶፔ ላይ ተከፈተ፤ 83 ገጽ፣ ከነግርጌ ማስታወሻው። ልጅቷ ያኔ ነው የተነፈሰችው።

ከዚያ በኋላ ዊንዶውሱን ዳግም አላስነሳሁም። ኮምፒውተሩን በዊንዶውስ ፋንታ ከፍላሽ በተነሳ ሊኑክስ አስነስቼ ዲዲ ሬስኪው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አስጀመርኩ። ይህ ፋይል በፋይል አይሄድም፤ ዲስኩን እንዳለ ሴክተር በሴክተር ይገለብጣል። ብልሃቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጀመሪያ ሳያስቸግር የሚነበበውን ሁሉ ይሰበስባል፣ አስቸጋሪውን ዘሎ ያልፋል፣ መጨረሻ ላይ ይመለስበታል። የደረሰበትንም በመዝገብ ስለሚይዝ ቢቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ሳይታክት አንድ ቦታ ላይ ከሚያንኳኳ መሣሪያ የሚለየው ይህ ነው።

የመጀመሪያው ዙር 14 ሰዓት ወሰደ። አብዛኛው ወጣ። የቀረውን ለማውጣት ሁለት ቀን ታገለ። መጨረሻ ላይ 38 ሜጋባይት አልነበብ ብሎ ቀረ።

ምን ተረፈ፣ ምን ቀረ

38 ሜጋባይት ትንሽ ይመስላል። ጥያቄው የማን 38 ሜጋባይት ነው የሚለው ነው። ዲዲ ሬስኪው ለዚህም መላ አለው። ያልተነበቡትን ቦታዎች ቅጂው ላይ እኛ በመረጥነው ቃል ሞላናቸው። ቀጥለን ያን ቃል ውስጣቸው የያዙ ፋይሎችን ፈለግን። 61 ፋይሎች ወጡ።

24ቱ የዊንዶውስና የጌም ፋይሎች ነበሩ፤ እንደገና ይጫናሉ። 37ቱ የቤተሰቡ ነበሩ። ከእነዚህ 18ቱ ሌላ ቦታ ተገኙ፦ አሮጌ ስልክ ውስጥ፣ በኢሜይል በተላከ አባሪ ላይ፣ የወረቀት ፎቶውን እንደገና ስካን በማድረግ። 19ኙ ቀሩ። 17 ፎቶና ሁለት ቪዲዮ። አንዱ ቪዲዮ ላይ የጋሼ እናት ነበሩ። ፋይሉ ይከፈታል፤ ስምንተኛው ሴኮንድ ላይ ይቆማል። ጋሼ እንዳለ አስቀምጥልኝ አሉኝ። አስቀመጥኩት።

የዲ ቅጂ ረድቶ ይሆን ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። በትንሹ ረድቷል። ሲ ላይ የተጎዱት አራት ሰነዶች ዲ ላይ ያለው ቅጂያቸው ደህና ነበር። አንድ ዲስክ ላይ ያለ ቅጂ ከምንም ይሻላል፤ ባክአፕ ግን አይባልም።

እንደገና መገንባት

ኮምፒውተሩ ውስጥ አዲስ ኤስኤስዲ፣ የሚሽከረከር አካል የሌለው ዲስክ፣ ገባ። ፋይሎቹ ተመለሱ። ከዲዲ ሬስኪው የወጣውን ሙሉ ቅጂ አንድ ወር ሳልነካ አቆየሁት፤ ሰው የጎደለበትን የሚያስታውሰው ቆይቶ ነውና። በእርግጥም በሦስተኛው ሳምንት እናት አንድ የረሱት ፎልደር ትዝ አላቸው። ነበረ።

ከዚያ ሁለቱን ኤክስተርናሎች ሥራ ከፋፈልናቸው። 1 እና 2 የሚል ተለጠፈባቸው።

1 ቤት ይቀመጣል። የዊንዶውስ ፋይል ሂስትሪ በእሱ ላይ ይሠራል። ይህ ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዲስኩ ተሰክቶ ሳለ በየሰዓቱ የተለወጠውን ይገለብጣል፣ የቀድሞውንም ቅጂ ያስቀራል። ልጅቷ ትናንት የሰረዘችውን ምዕራፍ ዛሬ ማግኘት ትችላለች ማለት ነው። በነባሪ የሚገለብጠው ግን የተጠቃሚውን የተለመዱ ፎልደሮች ብቻ ነው። የጋሼን የስካን ፎልደር በእጅ መጨመር ነበረብኝ።

2 ከቤት ይወጣል። በወር አንድ ጊዜ መጥቶ ይገለበጥበትና ወደ እናት እህት ቤት ይመለሳል። ቤቱ ላይ የሚደርስ ነገር፣ ሌባም ይሁን እሳት፣ ሁለቱን ዲስኮች አንድ ላይ እንዳያገኛቸው። ኮምፒውተሩን የሚቆልፍ ቫይረስ ቢገባም ያልተሰካ ዲስክ ላይ አይደርስም። በ2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ሲዛመት ፋይሎቻቸው የተቆለፈባቸው ብዙዎች ናቸው፤ ያኔ የተሰካ ባክአፕም ከኮምፒውተሩ ጋር ነው የሚሄደው።

2 ላይ የምንገለብጠው በሮቦኮፒ ነው፤ በሚያንጸባርቀው ዘዴ ግን አይደለም። ያ ዘዴ መድረሻውን ልክ እንደ መነሻው ያደርገዋል፤ መነሻው ላይ የጠፋውን መድረሻው ላይም ያጠፋል። መነሻው በስህተት ባዶ ከሆነ ባክአፑም ባዶ ይሆናል። ቦታ ይቆጥባል፣ ንጹሕ ነው፤ ለዚህ ቤት ግን አልፈቀድኩትም። ትንሽ ዝርክርክ ብሎ የሚያስቀር ይሻላል።

2 ከቤት ስለሚወጣ፣ የደንበኞች ሒሳብም ስላለበት፣ ቢትሎከር በሚባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ በይለፍ ቃል ተቆለፈ። ማሽኑ ላይ ያለው የዊንዶውስ ፕሮ እትም ስለሆነ ይህ ይቻላል። የይለፍ ቃሉ ቢረሳ የሚያገለግለው ባለ 48 አሃዝ ቁጥር በወረቀት ታትሞ ከቤቱ ሰነዶች ጋር ተቀመጠ። ጋሼ እዚህ ላይ ተከራከሩኝ። «ሌባ ፈርተን ራሳችንን ብንቆልፍስ?» አሉ። እውነት አላቸው። ቁልፉ የጠፋበት ዲስክ ከተሰበረ ዲስክ አይሻልም። ስለዚህ 1 ሳይቆለፍ ቀረ።

አንድ ዘመድ «2 ቴራባይት» የሚል ፍላሽ በስጦታ አምጥተው ለባክአፕ ይሁን ብለው ነበር። ኤች 2 ቴስት ደብልዩ በሚባል ፕሮግራም ሞላሁትና መልሼ አነበብኩት። እውነተኛው መጠኑ 60 ጊጋባይት አይደርስም። እንዲህ ያለው ፍላሽ የሐሰት መጠን እንዲናገር ተደርጎ ይሠራል፤ ከሞላ በኋላም ኮፒውን የተቀበለ ይመስላል፣ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ግን የለም።

ከተገነባ በኋላ ያልሠራው

በሁለተኛው ወር ፋይል ሂስትሪ ለአምስት ሳምንት ቆሞ አገኘሁት። ዲስክ 1 የለም። ትንሹ ልጅ ፊልም ሊያመጣበት ጓደኛው ቤት ወስዶታል። ዊንዶውስ «ዲስኩን መልሳችሁ ስኩ» እያለ ጥግ ላይ ሲያስታውስ ነበር፤ ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ዘግቶታል። ሲመለስ ግማሹ ፊልም ነው። ልጁን መቆጣት አያስፈልግም፤ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ይንቀሳቀሳል። የራሱ 128 ጊጋባይት ፍላሽ ተገዛለት። ዲስኩ ላይ «ባክአፕ ብቻ» የሚል ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ከቤት አልወጣም።

በስድስተኛው ወር የማገገም ልምምድ አደረግን። ኮምፒውተሩ እንደሌለ ቆጥረን ዲስክ 2ን ላፕቶፔ ላይ ሰካን። እናት የመረጡትን ሦስት ነገር ከእሱ ላይ ለመክፈት ሞከርን፦ አንድ የቆየ ፎቶ፣ አንድ ትልቅ ቪዲዮ፣ ያለፈውን ሳምንት የአንድ ደንበኛ ሒሳብ። ፎቶው ተከፈተ። ቪዲዮው ተከፈተ። ሒሳቡ የለም።

የሒሳብ ፕሮግራሙ ዳታውን ሰነዶች ፎልደር ውስጥ አያስቀምጥም። ሲ ላይ «ፕሮግራም ዳታ» የሚባል የተደበቀ ፎልደር አለ፤ እዚያ ነው የሚይዘው። እኛ ያን ፎልደር አልገለበጥንም። መጀመሪያ ላይ ያመለጠው ስላልጠየቅሁ ነው። «ሰነድ የት ነው?» ብዬ ነበር የጠየቅሁት፤ እናትም ሰነዶችን አሳዩኝ። ያኔ ሒሳቡ የተረፈው ዲዲ ሬስኪው ሙሉውን ዲስክ ስለገለበጠ ብቻ ነው። ዕድል ነው። አሁን እናት ዓርብ ዓርብ ፕሮግራሙ ራሱ ባለው የባክአፕ ትእዛዝ ወደ ሰነዶች ፎልደር ያወጡታል። ከዚያ ሁለቱም ዲስኮች ያገኙታል።

ወደ ሌላ ቤት የሚሻገረው

ከዚህ ጉዳይ አንዲት ልማድ ብቻ ውሰዱ ብባል፣ ባክአፑን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መክፈትን እመርጣለሁ። ሾርትከቱን፣ የሐሰት ፍላሹን፣ የጎደለውን ሒሳብ፣ ሁሉንም ያጋልጣል። አሥር ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሌላ ኮምፒውተር ከሌለ የፎልደሩን መጠን ማየት ብዙ ይናገራል። ዋናው 11 ጊጋባይት ሆኖ ቅጂው 80 ኪሎባይት ከሆነ መክፈትም አያስፈልግም።

ሰው ፋይሉ የት እንዳለ ሲጠየቅ የሚያውቀውን ቦታ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ «ፋይላችሁ የት ነው?» ከማለት «በየቀኑ የምትከፍቱት ፕሮግራም የትኛው ነው?» ማለት ይሻላል። የኢሜይል ሳጥን፣ የሒሳብ ፕሮግራም፣ የብራውዘር ምልክቶች፣ እነዚህ ሁሉ ዳታቸውን ሰው በማያይበት ቦታ ይይዛሉ። ኢሜይል ደግሞ ፕሮግራሙ ክፍት ሳለ ላይገለበጥ ይችላል፤ ዘግቶ መጀመር ነው።

ስለ ዲስክ ምርጫ ብዙ ይጠይቁኛል። ለባክአፕ እስካሁን የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ እመርጣለሁ። ዘገምተኛ ነው፣ ከወደቀ ይሰበራል። ነገር ግን ለአንድ ጊጋባይት የሚከፈለው ያነሰ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከመሞቱ በፊት ያቃስታል። ፍላሽና ኤስኤስዲ መረጃ የሚይዙት በኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው፤ ለዓመታት ሳይሰኩ መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጡ ያ ቻርጅ ቀስ በቀስ ሊያመልጥ ይችላል። ለማጓጓዝ ግሩም ናቸው፤ ለመሳቢያ አላምናቸውም።

የታመመ ዲስክ ለገጠመው፦ አጥፉት። ከዚያ አስቡ። ጉዳቱ የደረሰው በበሽታው ብቻ አይመስለኝም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶችም ነው። አንዱን ሌሊት ቼክ ዲስክ ወሰደው፣ ሌላውን እኔ። ከ19ኙ ፋይሎች ስንቱ በእኔ ሌሊት እንደሄደ ማንም ሊነግረኝ አይችልም።

እስካሁን ያልተዘጋው

ልጅቷ ተመርቃለች። የራሷ ላፕቶፕ አላት፤ ሥራዋን ሁሉ እዚያ ላይ ነው የምታስቀምጠው። ባለፈው ስጠይቃት «ዴስክቶፕ ላይ ነው፣ ፍላሽም አለኝ» አለችኝ። ላፕቶፑ በእኛ ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ቅዳሜ ፍላሹን ይዛ ትመጣለች።